ግራ እጅ የሚያውቀው

ሽማግሌው ከመኪናዋ በፊት ያሳዩኝ አውራ ጣታቸውን ነበር። ሚሺጋን ውስጥ፣ ከዲትሮይት ወጣ ብሎ ባለ የእርሻ አገር፣ የድሮ ጎተራቸውን ጋራዥ አድርገው እ.ኤ.አ. በ1914 የተሠራች ፎርድ ሞዴል ቲ ያኖራሉ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። እጃቸውን ዘርግተው አራት ጣቶቻቸውን እንደ ሜንጦ አጠፉ፤ አውራ ጣታቸውን ከአራቱ ጋር በአንድ ወገን አስተኙት። «እንዲህ ነው የሚያዘው» አሉኝ። የሞተር ማስነሻውን ዘንግ፣ የእኛ መካኒኮች ማኑቬላ የሚሉትን፣ እንደ መጥረቢያ እጀታ ጨብጦ አውራ ጣትን ዙሪያውን መጠምጠም አይቻልም። ሞተሩ ካመፀ ዘንጉ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የተጠመጠመው አውራ ጣት ያን ጊዜ አብሮ ይሄዳል፣ አንዳንዴም የእጅ አንጓው ይከተላል። ቀጥለው «ደግሞ በግራ እጅ ነው» አሉ።

ግራ እጅ እኛ ዘንድ ብዙ ክብር የለውም። እንጀራ የሚቆረሰው በቀኝ፣ ሰው የሚጨበጠው በቀኝ ነው፤ መላ ሲጠፋን «ግራ ገባን» እንላለን። ይህች መኪና ግን ከባድ ከባዱን አደራ የሰጠችው ለግራ ነው። ስትነሳ በግራ ትሳባለች፤ የእሳቷ ሰዓት በግራ እጅ ይወሰናል፤ የእጅ ፍሬኗ በግራ ነው፤ ዳገት የምትወጣበት ከባድ ማርሽ በግራ እግር ይረገጣል። ያ ቀን ካለፈ ወዲህ ስለ መኪና ሳስብ የማስበው ስለ ግራ እጅ ነው፤ ምን ያውቅ እንደነበር፣ ያ እውቀት ወዴት እንደሄደ።

ነገሩ የሚጀመረው ከመሪው ሥር ነው። ከመሪው ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ወጥተዋል፤ ጥርስ ባወጣ ግማሽ ክብ ላይ ቀጭ ቀጭ እያሉ ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። የቀኙ ነዳጅ መስጫ ነው። በዚህች መኪና ነዳጅ በእጅ እንጂ በእግር አይሰጥም። የግራው የእሳቱን ሰዓት ይወስናል። ሽማግሌው የእጅ ፍሬኑን ወደ ኋላ ሳቡ፤ የግራውን ዘንግ እስከ ላይ ገፉ፤ የቀኙን አምስት ስድስት ጥርስ ያህል አወረዱ። ከዚያ ወደ ፊት ሄደው ከናሱ ራዲያተር ሥር ጎንበስ አሉ። በግራ ጣታቸው አንዲት የሽቦ ቀለበት ሳቡ፤ አየሩን አንቃ ቤንዚኑን የምታበረክት ናት። በቀኛቸው ማኑቬላውን ሁለት ሦስት ጊዜ አዞሩት። ቁልፉ ገና አልተከፈተም፤ ይህ ሞተሩን ማጠጣት ነው። ተመልሰው ቁልፉን ከፈቱ፤ እንደገና ወደ ፊት ሄዱ፤ አሁን ግን እጅ ቀየሩ። ለማጠጣት ቀኝ፣ ለማስነሳት ግራ። እጀታውን ከታች ያዙና ባንድ ትንፋሽ ወደ ላይ ሳቡት። ወደ ታች መጫን በጭራሽ አይቻልም፤ የሚጫን ሰው ክብደቱን ሁሉ ለዘንጉ ሰጥቷል፣ ዘንጉ ሲመለስ የሚሸሽበት የለውም።

ሞተሩ ያዘ። ከእንጨት ሳጥን ውስጥ አራት የመዳብ ጥቅልሎች እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻሉ፤ መኪናዋ ከጆሮዎቿ እስከ ጎማዎቿ ትንዘፈዘፋለች። ሽማግሌው በዕድሜያቸው ባልጠበቅኩት ፍጥነት ወደ ጎን ሮጠው፣ በግድግዳዋ ላይ ተንጠራርተው፣ የግራውን ዘንግ ጥርስ በጥርስ ወደ ታች አወረዱት። መንዘፍዘፉ ረገብ አለ። የተንጠራሩት በሹፌሩ በኩል በር ስለሌለ ነው። ቆርቆሮው ላይ የበር ቅርጽ በደንብ ታትሟል፣ ግን አይከፈትም። ነጂው የሚገባው በሌላው ወገን ነው።

የዚያን የግራ ዘንግ ነገር በደንብ መግለጽ አለብኝ፤ የምናገረው ሁሉ በእሱ ላይ የቆመ ነውና። ቤንዚንና አየር ሲቀጣጠል ባንድ ጊዜ ነዶ አያልቅም፤ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። ሞተሩ ሲፈጥን ያቺ ጥቂት ጊዜ ውድ ትሆናለች፤ ስለዚህ የካንዴላው ብልጭታ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ቀደም ብሎ መምጣት አለበት። ሞተሩ በሰው ክንድ ሲዞር ግን ዝግ ይላል። ያን ጊዜ ብልጭታው ከቀደመ ፍንዳታው ገና እየወጣ ያለውን ፒስተን መልሶ ይደፍቀዋል፣ ማኑቬላውም በሰውየው እጅ ውስጥ ወደ ኋላ ይፈናጠራል። ለማስነሳት እሳቱን ማዘግየት፤ ከተነሳ በኋላ ማስቀደም፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር እንደገና ጥቂት ማዘግየት፤ ሜዳ ላይ መልሶ ማስቀደም። ይህ ሁሉ የነጂው ሥራ ነበር። በሥዕል የሚያሳየው፣ በቁጥር የሚነግረው መሣሪያ የለም። ጆሮው ይሰማል፣ ግራ እጁ ይታዘዛል። በመኪናዋ ሆድ ውስጥ በየቅጽበቱ እሳት መቼ እንደሚለኮስ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ያውም ወተትና ድንች ገበያ የሚያወርድ ገበሬ።

ዕቃ መንደፍ ከሰው ምን እንደሚጠየቅ መወሰን ነው ብዬ አምናለሁ። ቅርጹ፣ ቀለሙ፣ ናሱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ሰው ደግሞ የሚያውቀው የተጠየቀውን ነው። የዛሬ መኪና የእሳቱን ሰዓት አትጠይቀኝም፤ እኔም ሃያ ዓመት ስነዳ እንዲህ ያለ ሰዓት መኖሩን አላውቅም ነበር።

ከመኪና በፊት ጠያቂው ፈረስ ነበር። ድርቆሽ ይጠይቃል፣ ውሃ ይጠይቃል፣ ዕረፍት ይጠይቃል፣ ሲታመም ሌሊት ያስነሳል። ግን የሚሰጠውም ነበረው፤ የራሱ ዓይን ነበረው። ጋሪው ላይ እንቅልፍ የጣለውን ገበሬ ፈረሱ መንገዱን አውቆ ደጃፉ ያደርሰዋል። እኛም «መንዳት» የሚለውን ቃል ያመጣነው ከበግና ከከብት ነው፤ የሚነዳው ነገር ነፍስ እንዳለው፣ ገደል ሲያይ እንደሚቆም ቃሉ ያስባል። መኪና ገደል አያይም። ፈረሱ ሲነሳ ዓይኑም አብሮ ሄደ፣ መጠንቀቁ ሁሉ በሰውየው ላይ ወደቀ። የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ይህን ለውጥ ወዲያው የጨበጡት አይመስለኝም። ፈረሱን ፈትተው የሄደበትን ቦታ ባዶ ተዉት። የዱሪያ ወንድማማቾች በ1893 ስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ የነዷት መኪና በ70 ዶላር የተገዛ አሮጌ ጋሪና አንድ ሲሊንደር ሞተር ነበረች። በ1901 የወጣችው ኦልድስሞቢል ፊቷ ላይ ሳንቃው እንደ በረዶ መንሸራተቻ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ያምራል፤ ግን ያ ሳንቃ ጋሪ ላይ የነበረው ፈረሱ በኮቴው የሚረጨውን ጭቃ እንዲመልስ ነው። ዛሬ ዳሽቦርድ የምንለው ስም የመጣው ከዚያ ጭቃ ነው። መሪዋም ክብ አልነበረም፤ እንደ ጀልባ መቅዘፊያ ግራና ቀኝ የሚገፋ ዘንግ ነበር።

በ1899 በባትል ክሪክ ከተማ የሚኖር ዩራያ ስሚዝ የሚባል ሰው ከመኪና ፊት የእንጨት የፈረስ ጭንቅላት ተተክሎ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ። ውስጡ ክፍት ስለሚሆን ነዳጅ ማስቀመጫ ይሆናል ብሎም አስቦ ነበር። የመኪና ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሲያነሱ ይስቁበታል። እኔ ሳነብ ልቤ የተነካው ለምን ይህን እንዳሰበ ስረዳ ነው፤ በመንገድ ላይ የሚመጡት ፈረሶች ባዶ ጋሪ ብቻውን ሲሮጥ አይተው እንዳይደነግጡ ነው። አዲስ ነገር ወደ መንገድ ሲገባ ቀድሞ ለነበረው ነባር መታሰብ አለበት ያለ ሰው ነው። መኪናን ከነደፉት ሁሉ መካከል የፈረሱን ፍርሃት የንድፉ ክፍል ያደረገ ሌላ ሰው አላውቅም።

ምን ያህል ይጠየቅ ለሚለው መልሱ ገና ያልለየበት ጊዜ ነበር። በ1900 አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት 4,192 መኪናዎች 1,681ዱ በእንፋሎት፣ 1,575ቱ በኤሌክትሪክ፣ 936ቱ ብቻ በቤንዚን የሚሄዱ ነበሩ። እንፋሎቱ ብዙ ይጠይቃል፤ እሳት አንድዶ፣ ውሃ አፍልቶ፣ ግፊቱ እስኪደርስ መጠበቅ። ሹፌር የሚለው ቃላችን የዚያ ዘመን ልጅ ነው፤ ፈረንሳይኛው እሳት የሚያነድ፣ የሚያሞቅ ማለት ነው። ኤሌክትሪኩ ምንም አይጠይቅም ነበር ማለት ይቻላል፤ ቁልፍ ከፍቶ መሄድ፣ ማታ ባትሪውን መሙላት። ቤንዚኑ የጠየቀው ክንድ ነው። ያሸነፈውም ይኸው ክንድ የሚጠይቀው ሆነ።

በጥቅምት 1908 የወጣችው ሞዴል ቲ ጥያቄዋ ከሁሉም የበዛ፣ ግን ለሚጠየቀው ሰው የተመጠነ ነበር። 20 የፈረስ ጉልበት፣ አራት ሲሊንደር በአንድ ብሎክ፣ ቴስታታዋ የሚነቀል፤ ገበሬው ብሎኖቹን ፈትቶ ጥቀርሻውን በካቻቢቴ ይፍቃል። ባሌስትራዋ ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ ጎማ ከጎማ በአግድም ተዘርግቶ፤ ስለዚህ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው ድንጋይ ሲወጣ ሻንሲዋ አይጣመምም። በጎማዎቿ መካከል ያለው ስፋት 56 ኢንች የሆነው ጋሪዎች መንገዱ ላይ ቀድመው የቆፈሩት ፈለግ ያን ያህል ስለሆነ ነው። ፔዳሎቿ ሦስት ናቸው፣ ግን የዛሬ ሹፌር ቢቀመጥባት አንዱንም አያውቀውም። የግራው ጨርሶ ሲረገጥ ከባድ ማርሽ፣ ግማሽ ሲረገጥ ባዶ፣ ሲለቀቅ ቀላል ማርሽ ነው፤ የመሐሉ የኋላ ማርሽ ነው፤ ፍሬኑ የቀኙ ነው። ፍሬኑ ሲያልቅ የኋላ ማርሹን ረግጦ ማቆም ይቻላል፤ ይህንም ገበሬዎቹ ያውቁ ነበር።

የቤንዚን መለኪያ የላትም። ሽማግሌው የፊተኛውን ወንበር ትራስ አነሱ፣ ከሥሩ የሰልባትዮውን ክዳን ከፈቱና ዳር ዳሩ የተቆራረጠ የእንጨት ዘንግ ሰደዱበት። አውጥተው ሳይደርቅ በፊት ርጥበቱን በጣታቸው ለኩ። እናቴ ከእንስራ ውሃ ስትለካ እንዲሁ ነበር የምታደርገው። ቤንዚኑ ወደ ሞተር የሚወርደው በራሱ ክብደት ስለሆነ፣ ሰልባትዮው ሲጎድል አቀበት ላይ ሞተሩ ከሰልባትዮው በላይ ይሆንና ይጠማዋል። መፍትሔው መኪናዋን አዙሮ አቀበቱን በኋላ ማርሽ መውጣት ነው። ወደ ኋላ እየሄዱ ወደ ላይ መውጣት። የሞዴል ቲ ባለቤት የሆነ ሰው የምድሩን ቅርጽና የቤንዚኑን ልክ ሳያገናኝ ከቤቱ አይወጣም ነበር። ወደ እርሻውም ሲመለስ የኋላውን ጎማ በክሪክ አንስቶ፣ ቺንጊያ አጥልቆበት፣ እንጨት ይሰነጥቅበታል፣ እህል ይፈጭበታል። አንድን ነገር እስከ አጥንቱ ማወቅ ከሚኖረው ጸጋ አንዱ ከተባለለት ሥራ ውጭ ሌላ ሥራ ማሠራት መቻል ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ እውነት ነው፣ ግን እዚህ ላይ ካቆምኩ ዋሾ እሆናለሁ። ጥያቄ ሁሉ ለሁሉም እኩል አይጠየቅም። ሐኪሞች እስከ ዛሬ «የሹፌር ስብራት» የሚሉት አንድ የእጅ አንጓ ስብራት አለ፤ ስሙን ያገኘው ከማኑቬላ ነው። ብርድ ሲሆን የፍሪሲዮኗ ዘይት ይረጋና ሳህኖቹን ያጣብቃቸዋል፤ ሞተሩ እንደተነሳ መኪናዋ ፊቷ ላይ ጎንበስ ወዳለው ሰው መንፏቀቅ ትጀምራለች። ጉልበት የሌለው፣ ትከሻው የታመመ፣ ክንዱን ቢሰበር ቤተሰቡ ጦሙን የሚያድር ሰው ይህን ጥያቄ እንዴት ይመልስ? ብዙ ሴቶች የኤሌክትሪክ መኪና የመረጡት መልሱን ስላወቁት ነው። የሄንሪ ፎርድ ባለቤት ክላራ ፎርድ ራሷ የምትነዳው ዲትሮይት ኤሌክትሪክ ነበር፤ ዙሪያውን መስታወት የሆነ፣ እንደ ትንሽ እልፍኝ ያለ፣ ያለ ማኑቬላ የሚነሳ። በማኑቬላ የሚነሱ መኪናዎችን በሚሊዮን ከሸጠው ሰው ቤት የጥያቄው ክብደት በደንብ ይታወቅ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ቻርልስ ኬተሪንግን አከብረዋለሁ። ዴይተን፣ ኦሃዮ ውስጥ መጀመሪያ የሠራው በኤሌክትሪክ የሚከፈት የሱቅ የገንዘብ መመዝገቢያ ነበር፤ እዚያ የተማረውም ትንሽ ሞተር ለአጭር ጊዜ ብቻ ከሆነ ከመጠኑ በላይ ጉልበት ማውጣት እንደሚችል ነው። መሳቢያ ለመክፈት የዋለችው ሐሳብ ሞተር ለማስነሳት ዋለች። በ1912 ሞዴል ካዲላክ ላይ የተገጠመው ማስነሻ፣ ዛሬ ሞተሪኖ የምንለው፣ ማኑቬላውን አስቀረ። ስንት ክንድ ሳይሰበር እንደቀረ ማን ይቆጥራል? ከዓመታት በኋላም የእሳቱን ሰዓት የሚወስነው የግራ ዘንግ ከመሪ ሥር ጠፋ። እሱን የተካው ሁለት ትንንሽ ክብደቶች ናቸው፤ ሞተሩ ሲፈጥን በመሽከርከሩ ኃይል ወደ ውጭ ይበታተናሉ፣ እሳቱም ይቀድማል፤ ሲዘገይ ይሰበሰባሉ፣ እሳቱም ይዘገያል። የገበሬው ጆሮና ግራ እጅ የሚያውቁት ነገር ወደ ሁለት የብረት ፍሬዎች ገባ። እውቀቱ አልጠፋም፤ ሰው ውስጥ መሆኑ ነው የቀረው።

ነገር ግን እውቀቱ ከባለቤቱ እጅ ከመውጣቱ በፊት ከሠሪው እጅ ወጥቶ ነበር። ይህን ያወቅኩት የሽማግሌው መኪና የተሠራችበትን ዓመት ሳጣራ ነው።

የነገሩ መነሻ ሄንሪ ሌላንድ የሚባል ሰው ነው፤ ወጣት ሳለ በስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የሠራ፣ ልክ ለሚባል ነገር ሕይወቱን የሰጠ። ከእሱ በፊት መኪና ሠሪ ማለት ሞረድ የያዘ ሰው ነው፤ እያንዳንዱን ክፍል ከጎረቤቱ ጋር እስኪስማማ ይሞርደዋል። ሌላንድ ያሠራቸው ሦስት ካዲላኮች በ1908 እንግሊዝ አገር ብሩክላንድስ ላይ እስከ መጨረሻዋ ዳዶ ተፈቱ፤ እያንዳንዳቸው 721 ክፍሎች ነበሯቸው። ክፍሎቹ ተቀላቀሉ፣ አንዳንዶቹም ከመጋዘን በወጡ መለዋወጫዎች ተተኩ። ከዚያ ያለ ሞረድ፣ በመፍቻና በካቻቢቴ ብቻ፣ እንደገና ሦስት መኪና ሆነው ተገጠሙ፤ 500 ማይልም ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ የትኛውም ክፍል የማንም መኪና አይደለም። በመካኒክነት ታሪክ ይህን ያህል የሚያምር ነገር ጥቂት ነው። ያው ውበት ግን ወደ ሰው ሲዞር ያስፈራኛል፤ ክፍሉ የማንም ካልሆነ ክፍሉን የሚገጥመውም ሰው ማንም ሊሆን ይችላል።

የሞዴል ቲ የካንዴላ ብልጭታ የሚመጣው ማኜቶ ከሚባል ነገር ነው። ከሞተሩ ጋር በሚሽከረከረው ከባድ ቮላኖ ላይ እንደ ሹካ የታጠፉ 16 ማግኔቶች በብሎን ይታሰራሉ፤ በጥቅል ሽቦ አጠገብ ሲያልፉ ኤሌክትሪክ ይወልዳሉ። ሃይላንድ ፓርክ በነበረው የፎርድ ፋብሪካ አንድ ሠራተኛ አንድ ማኜቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን ሲገጥም 20 ደቂቃ ያህል ይፈጅበት ነበር። በ1913 ይህ ሥራ ለ29 ሰዎች ተከፋፈለ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ብቻ አድርጎ ወደ ጎረቤቱ ይገፋል። ጊዜው 13 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ሆነ። በ1914 ሥራው የሚሄድበትን መስመር 8 ኢንች ከፍ አደረጉት፤ 7 ደቂቃ ሆነ። ቀጥሎም 5። ፋብሪካው ሁሉ ይህን ፈለግ ተከተለ፤ ሻንሲ መግጠም ከ12 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ወደ 1 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ወረደ። ብሎን የሚያስገባው ዳዶ አያስገባም፤ ዳዶ የሚያስገባው አያጠብቅም።

ያቺን 8 ኢንች ደጋግሜ አስባታለሁ። መስመሩ ከፍ ያለው ሠራተኛው ጎንበስ እንዳይል ነው፤ ለወገቡ ታስቦለታል ማለት ነው። የመኪናዋ ባለቤት ግን ፊቷ ጎንበስ ማለት ነበረበት። ጎንበስ የሚለው ሰው የእሳቱን ሰዓት ያውቃል፤ ቀና ብሎ የሚሠራው የሚያውቀው አንድ ብሎን ነው። በእጁ የሚያልፈው ነገር ብልጭታ እንደሚሆን፣ ብልጭታው ሲቀድምና ሲዘገይ ምን እንደሚያመጣ ሥራው አይጠይቀውም። ገበሬው እስከ አጥንቷ የሚያውቃት መኪና የተሠራችው እንዲያውቋት ባልተጠየቁ እጆች ነው። ርካሽ የሆነችውም በዚሁ ነው፤ በ1908 በ850 ዶላር ተሸጣ ኋላ ከ300 በታች ወረደች፣ ገበሬው ደጃፍም የደረሰችው በዚህ ዋጋ ነው። አንዱ እንዲያውቅ የሌላው አለማወቅ ተከፈለበት።

ሠራተኞቹ ይህን አልወደዱትም። በ1913 የፋብሪካው የሠራተኛ መፈራረቅ 370 በመቶ ደርሶ ነበር፤ አንድ ቦታ ሞልቶ እንዲቆይ በዓመት ከሦስት ሰው በላይ መቅጠር ማለት ነው። በጥር 1914 ፎርድ ለስምንት ሰዓት ሥራ በቀን 5 ዶላር እንደሚከፍል አስታወቀ፤ ከቀድሞው እጥፍ ያህል ነው። ሰው ከያገሩ ጎረፈ። ገንዘቡ እውነተኛ ነበር፣ ቤት ገዝቷል፣ ልጅ አስተምሯል፤ በስደት የኖርኩ ሰው ነኝና አላናንቀውም። ግን ከገንዘቡ ጋር የሠራተኛውን ቤት፣ ኑሮና ጠባይ የሚመረምሩ ሰዎች መጡ። ፋብሪካው በከፈተው የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤትም የምረቃ ትዕይንት ነበር፤ መድረኩ ላይ ትልቅ ድስት ይቆማል፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጡት ሠራተኞች የአገራቸውን ልብስ ለብሰው ይገቡበታል፣ አንድ ዓይነት ሱፍ ለብሰው ይወጣሉ። ብሩክላንድስ ላይ የተቀላቀሉትን የሦስቱን መኪናዎች ክፍሎች ሳስብ ይህ ድስት አብሮ ይመጣብኛል።

የሽማግሌው መኪና የ1914 ናት። መስመሩ ከፍ በተደረገበት ዓመት የወጣች፤ ማኜቶዋ በነዚያ እጆች ያለፈ።

ማምሻውን ከጎተራው ፊት ቆማ ሞተሯ እየሠራ በሌላው ወገን ገብቼ በሹፌሩ ቦታ እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ። ልነዳት አይደለም፤ እንድሰማት ነው። «ግራ እጅህን» አሉኝ። ቀጭኑ ዘንግ በጣቶቼ መካከል ይንቀጠቀጣል። አንድ ጥርስ ወደ ላይ ስገፋው ሞተሩ እንደደከመው ሰው ዝግ አለ፣ ራዲያተሩም ይበልጥ መሞቅ ጀመረ። ወደ ታች ስስበው ፈጠነ፣ ድምፁ ቀጠነ። ከእግሬ በታች፣ ከወለሉ ሳንቃ ሥር፣ 16ቱ ማግኔቶች ይዞራሉ፤ አንዱን ብሎን ያስገባ፣ አንዱን ዳዶ ያጠበቀ፣ ምናልባት እንግሊዝኛ ገና ያልለመደ ሰው ነበር፣ ከሥራው የወጣውን እሳት አንድ ቀን እንኳ እንዲህ በጣቱ አልያዘውም ይሆናል።

«ትክክለኛው ቦታ የቱ ጋ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ይሰማሃል» አሉ።

አልሰማሁትም ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ዘንጉን እስከ ላይ መለስኩትና እንደገና ጥርስ በጥርስ ማውረድ ጀመርኩ።